ኮከብ ይዞራል ወይስ ይሾራል?

በደሴ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንባቢ ለተማሪዎቻቸው «ኮከብ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዙረቱ ይዘገያል» ብለው ጽፈው ሳለ፣ ባልደረባቸው «ዙረቱ» የሚለውን ሰርዘው «ሽክርክሪቱ» እንዳደረጉባቸው ገልጸው ፍርድ ጠይቀውኛል። (ዕድሜን በዐይኑ «ዕ» ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ በግእዝ የተቀጠረ ጊዜ ማለት ነውና።)

መምህር ሆይ፣ መሰረዙ ተገቢ ነበር፤ የተተካው ቃል ግን ልቤን አይሞላውም።

«ዞረ» የግእዙን «ዖደ» ቦታ የያዘ ግስ ነው፤ ከ«ዖደ» ዐውድ፣ ዐውደ ዓመትና አውድማ ወጥተዋል። በወረኢሉ አውድማ እህል የሚያበራዩ በሬዎች ይዞራሉ፤ የሚዞሩት መካከል ከእነሱ ውጭ ነው። ፀሐይም የፍኖተ ሐሊብን፣ ማለት ያለችበትን የከዋክብት ጭፍራ፣ ማእከል በ230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ትዞራለች፤ በራሷ ዛቢያ (በመካከሏ በሚያልፈው ምናባዊ ዘንግ) ግን፣ በወገቧ ሲለካ፣ 25 ቀን ያህል ይበቃታል። ሁለቱንም «ዙረት» ካልን «ፀሐይ አንድ ጊዜ ዞረች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አይነግረንም።

የኮከብ ዕድሜ የሚገመተው በሁለተኛው፣ በራሱ ዛቢያ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ፀሐይን የሚመስል ኮከብ በወጣትነቱ ይፈጥናል፤ ከገጹ የሚነሣው የቅንጣቶች ነፋስ በመግነጢሳዊ መስኩ ተይዞ ርቆ ሲሄድ የኮከቡን ፍጥነት እየቀነሰ ይወስድበታል፤ የከዋክብት ተመራማሪው ስኩማኒች በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። መግነጢሳዊ ንቁነቱም፣ ለምሳሌ ብርሃኑ በቀለማቱ ሲተነተን በካልሲየም መስመሮች ላይ የሚታየው ፍካት፣ አብሮ ይደክማል።

በራስ ዛቢያ ለሚደረገው ለዚህ እንቅስቃሴ አማርኛ «ሾረ» የሚል ግስ አለው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አሹረው ይለቋታል፤ በራሷ ዘንግ ትሾራለች፣ እየቆየችም ትደክማለች። «የፈታይ ቃል ለሳይንስ አይመጥንም» የሚሉ አሉ፤ «ዐውድ»ን ለሊቃውንት ከፈቀድን እንዝርትን የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም። «ተሽከረከረ» ግን ከ«መንኮራኩር» ጋር በሥር የሚገናኝ ይመስለኛል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ጎማ በቦታው አይቆይም፤ እየተሽከረከረ መንገድ ይጨርሳል፣ መኪና ነጂውንም አሽከርካሪ ያሰኘው ይኸው ነው።

ሆኖም «ምድር በዛቢያዋ ትሽከረከራለች» የሚለውን ተማሪው ሁሉ ያለ ስሕተት እንደሚረዳው፣ ልማዱም ወደዚያ እንደ ሄደ ሳልወድ እቀበላለሁ። ለክፍልዎ «ሽክርክሪት» ይጻፉ፤ እኔ በራሴ ጽሑፍ «ሹረት» ማለቴን አልተውም።