ቅጹ ላይ ቦታ ያልነበረው መልስ

ባለፈው ሳምንት ስታትስቲክስ የምታጠና አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ጥናት የሚያነበው አለ? ባለሥልጣን እንደሆነ ያሰበውን ነው የሚወስነው» አለችኝ። «አለ እንጂ» ብዬ አለፍኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ትዝ ያለኝ ሰሜን ወሎ ውስጥ ያለ አንድ ቀበሌ ነው። ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች እርዳታ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ሴፍቲኔት፣ በ1997 ተጀምሮ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። መሥራት የሚችል ሰው እርከን እየሠራ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። አቅም የሌለው ያለሥራ ይረዳ ነበር። እኔ የአንድ የቤት ለቤት ጥናት ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። መጠይቁ ረዘመ ሲባል ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ። እርዳታው በየትኛው ወር እንደደረሰ የሚጠይቀውን ቆረጥኩት። ስንት ኪሎ እንደደረሰ ካወቅን ይበቃል ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ጠያቂው ታመመና ራሴ ገባሁ። የቤቱ እናት ቡና አፈሉልኝ፤ ጨው የገባበት የወሎ ቡና። እስከ ዛሬ የዚያን ያህል የጣመኝ ቡና የለም። ስንት ኪሎ እንደተቀበሉ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። «ረድቶዎታል?» ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ባዶውን ጉረኖ አሳዩኝ።

«እህሉስ መጣ፣ ልጄ። የመጣው ግን ፍየሎቼን ከሸጥኩ በኋላ ነው።»

ሐምሌ ላይ ጠኔ ሲጠናባቸው ሁለቱንም ሸጠዋል። እህሉ የደረሰው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ይህን የምሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ጠርዙ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ኪሎውን ሞላሁ፣ «ረድቷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲቀርብ ሰንጠረዡ እህል ደርሷል ይላል። አንድ ኃላፊ፣ «ታዲያ ለምን እንስሳቸውን ይሸጣሉ? ይሄ የልማድ ችግር ነው» አሉ። መልሱን አውቀው ነበር። አንድ ሰው መረጃ አይሆንም ብዬ ዝም አልኩ።

የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ይህንኑ ፕሮግራም በጅምሩ አጥንተውት ነበር። በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ሆኖ አገኙት። ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ሰዉ በተግባር ስንት ደረሰው ብለው ለያዩት። ለብዙዎች የደረሳቸው ከታቀደው በጣም ያነሰ ነበር። ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ቤተሰቦች ግን የምግብ ዋስትናቸው ተሻሽሎ ታየ። «አልሠራም፣ ይዘጋ» በሚለውና «በሙሉ ይድረስ» በሚለው ውሳኔ መካከል ያለችው ይህች ጥያቄ ናት። ስንት ሚሊዮን ሰው የሚበላው በእሷ ይወሰናል! ልጅቷ ስትጠይቀኝ ይህን ነበር መንገር የነበረብኝ።

እናንተ የዛሬ ወጣት አጥኚዎች መረጃ በታብሌት ትሰበስባላችሁ። እኛ ወረቀት በበቅሎ ጭነን፣ ዝናብ ሲመጣ በጋቢ ሸፍነን ነበር የምንሄደው። ፍጥነታችሁ ደስ ይለኛል። ግን ትቸኩላላችሁ። መንደሩን አንድ ቀን ሳያዩ ሪግሬሽን፣ ማለትም የቁጥሮችን ዝምድና የሚያሳይ ስሌት፣ የሚያሠሩ ልጆች አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። መጠይቅ አታርዝሙ፤ ሰው ይሰለቻል፣ መልሱም ይበላሻል። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሁለት ሦስት ቤት ገብታችሁ ተቀመጡ። አንድ ሰው መረጃ አይሆንም የሚለውን ዛሬም አምናለሁ። ቢሆንም ምን መጠየቅ እንዳለብኝ የነገሩኝ እኚያ እናት ነበሩ። ስብሰባ ላይም፣ እንደ ማስረጃ ባይሆን እንደ ጥያቄ ላነሳው እችል ነበር።

በሚቀጥለው ዙር «በየትኛው ወር ደረሰዎት?» የሚለው ጥያቄ ተጨመረ። ያስጨመረው ሌላ ባልደረባ ነው። እኔ ወደዚያ ቤት ተመልሼ አልሄድኩም።