ቅጠል የሌለው ፀደይ

ጥያቄ፦ በርገን ከተማ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው የምሠራው። ኮሪደሩ ላይ የኒኮላይ አስትሩፕ «የማርች ማለዳ» የሚባል ሥዕል ተሰቅሏል። ከኋላው ተራራና በረዶ ይታያል፣ ከፊት ደግሞ እጇን ወደ ላይ የዘረጋች ሴት የሚመስል ራቁቱን የቆመ ዛፍ አለ። አንዲት ኖርዌያዊት እናት ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው «ፀደይ መጣ» ይላሉ። እኔ ግን ብርድ ብቻ ነው የሚታየኝ። ምኑ ነው ፀደይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሳቸው ልክ ናቸው። እኛ ዝናቡ አባርቶ ምድሩ በአደይ አበባ ሲሞላ ማየት ስለለመድን ከአበባ እንጀምራለን። እዚያ ቀድሞ የሚመጣው ብርሃን ነው። አስትሩፕ (1880–1928) ያደገው ምዕራብ ኖርዌይ፣ ዮልስተር ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ማርች 20 አካባቢ ግን ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆናሉ፣ ያኔ ተራራው ገና በረዶ እንደለበሰ ነው። ቅጠሉ ከዚያ በኋላም ብዙ ያስጠብቃል።

አሁን ዛፉን ጠጋ ብለሽ እዪው። አኻያ ነው። በዚያ አገር ገበሬዎች ቅርንጫፉን ለከብት መኖ ይቆርጡት ስለነበር ግንዱ ይወፍራል፣ ይጎብጣል፣ ቋጠሮ ያወጣል፣ ከአናቱ ደግሞ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይበቅላሉ። አስትሩፕ ከዚህ ጎባጣ ግንድ ነው እየተንጠራራች ከእንቅልፍ የምትነቃ ሴት ያወጣው። ዝም ብሎ የፈጠረው ነገር እንዳይመስልሽ፣ ይሄ አኻያ ቅጠል ሳያወጣ ከሚያብቡትና ከሁሉም ቀድመው ከሚነቁት ዛፎች አንዱ ነው። እኔ ይህን ሥራ በጣም የምወደው ለዚህ ነው፤ ሰውየው የመንደሩን ዛፍ እስከ ጠባዩ ድረስ ያውቀዋል።

ደግሞ በብሩሽ ብቻ የተሠራ አይደለም። አስትሩፕ መጀመሪያ እንጨት ይቀርጻል፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ያትማል፣ ከዚያ በእጁ ቀለም ይጨምርበታል። ስለዚህ የአንዱ ሥራ ሁለት ቅጂዎች እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

እዚያው በርገን ያለው ኮዴ ሙዚየም ብዙ ሥራዎቹን ይዟል። አለቆችሽ ከፈቀዱ እኚያን እናት ይዘሻቸው ሂጂና አጠገባቸው ቆመሽ ጠይቂያቸው፤ የዚያን አገር ማርች ከእኔ በላይ ያውቁታል።