ኤች-ኢንዴክስ፣ ሳይቴሽንና የአባት ስም፦ ለራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት በአቃቂ ቃሊቲ፣ በለገጣፎና በቡራዩ ከሚሠሩ ራዲዮሎጂስቶችና የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶች ነው። ተመሳሳዮቹ አንድ ላይ ተመልሰዋል።

ጥ፦ ዶክተር፣ ስምንት ጽሑፍ አሳትሜአለሁ። ጉግል ስኮላር ኤች-ኢንዴክሴን 5 ይለዋል። ከየት አመጣው?

መ፦ ሳይቴሽን ማለት ሌላ ጽሑፍ የእርስዎን ሲጠቅስ ነው፤ ኤች-ኢንዴክስ 5 ማለት ደግሞ ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች አሉዎት ማለት ነው። ጽሑፎቹን ብዙ ሳይቴሽን ካለው ጀምረው ወደ ታች ይደርድሩ። 24፣ 15፣ 9፣ 7፣ 5፣ 5፣ 2፣ 0 ናቸው እንበል። አምስተኛው 5 ስላለው አለፈ። ስድስተኛው 6 ሊኖረው ሲገባ 5 ብቻ ስላለው ቆጠራው እዚያ ያበቃል። 6 ለመድረስ ሁለት ሳይቴሽን ይበቃዎታል፤ ግን አንድ አንድ ሆነው 5 ባላቸው በሁለቱ ላይ ማረፍ አለባቸው። 24 ያለው 240 ቢገባ ኤችዎ ንቅንቅ አይልም። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ጆርጅ ሂርሽ የፊዚክስ ሰው ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ጀማሪን ከአንጋፋ አታወዳድሩበት።

ጥ፦ ስኮፐስ ግን 3 ነው የሚለኝ። ትክክሉ የቱ ነው?

መ፦ ሁለቱም። ሳይቴሽን የሚቆጥሩ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፤ ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም፣ ገና ያልተገመገመ ቅድመ ኅትመትንም ይቆጥራል፤ ስኮፐስ በዋናነት መርጦ ያስገባቸውን ጆርናሎች ነው የሚያየው። ሲቪ ላይ ቁጥሩን ከምንጩና ከታየበት ቀን ጋር ይጻፉ። ምንጭ የሌለው ኤች-ኢንዴክስ ቀን ያልተጻፈበት ፊልም ማለት ነው።

ጥ፦ ግማሹ ሥራዬ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ አገኘሁት። ምን ይሻላል?

መ፦ ሌላ ሰው ላይሆን ይችላል፣ እርስዎው ነዎት። የውጭ መዝገቦች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። አንዱን ጽሑፍ በስምዎና በአባትዎ፣ ሌላውን አያትዎን ጨምረው ከላኩ ሁለት ደራሲ ሆኑ ማለት ነው። «ገብረ መድኅን» ለያይተው ሲጽፉ ደግሞ «መድኅን» ለብቻው የቤተሰብ ስም ይሆንና «ገብረ» ወደ አንዲት ፊደል ያጥራል። «ቀ»ን አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው የጻፈማ ሦስተኛ ሰው ወለደ።

መጀመሪያ ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙና ከዚያ አይነቃነቁ፤ «ገብረ» እና «ወልደ» ያለባቸውን ስሞች ገጥሞ መጻፍ ይሻላል። ቀጥሎ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያውጡ። ነፃ ነው፣ 16 አሃዝ አለው፤ የድሮ አጻጻፎችዎን ሁሉ «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ ይሙሉ፣ ጽሑፍ በላኩ ቁጥርም ቁጥሩን ያስገቡ። ስኮፐስ ላይ በአባት ስምም በአያት ስምም ፈልገው፣ የእርስዎ የሆኑትን መዝገቦች ሁሉ መርጠው እንዲዋሃዱ ይጠይቁ። ስኮላር ላይ አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር አይፍቀዱለት፤ በኢሜይል አስፈቅዶ ብቻ እንዲያስገባ ያስተካክሉት። አለበለዚያ የአንድ ሞክሼ የእርሻ ጥናት ከአልትራሳውንድ ሥራዎ ጎን ቁጭ ይላል፤ ያየው ሰው ደግሞ አውቀው ያስገቡት ይመስለዋል።

የሆስፒታሉንም ስም እንዲሁ በአንድ አጻጻፍ ይያዙ።

ጥ፦ ኬዝ ሪፖርት ላብዛ ወይስ አንድ ትልቅ ጥናት ልሥራ?

መ፦ ኬዝ ሪፖርት፣ ማለትም የአንድ ታካሚን ጉዳይ የሚተርክ ጽሑፍ፣ እጅ ያፍታታል፣ ሳይቴሽን ግን እምብዛም አያመጣም። የሚጠቀሱት መመሪያዎች፣ ስልታዊ ግምገማዎችና ብዙ ሆስፒታሎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ናቸው። ከከተማ ዳር ባለ ሆስፒታል የሚሠራ ሰው የደረት ራጅና አልትራሳውንድ ሞልቶለታል። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። አንድ አንባቢ ብቻ ያነበበውን ምስል ገምጋሚ አይቀበልም፤ ሁለት ሰው፣ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ ያንብብ፣ ስምምነታቸውም በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላው በካፓ ይለካ። የምርመራ ትክክለኛነት ጥናት ከሆነ ስታርድ 2015 የተባለውን የጥናት ሪፖርት መመሪያና 30 ነጥቦቹን መረጃ ከመሰብሰብ በፊት አጠገብዎ ያድርጉ፤ ከተሰበሰበ በኋላ የጎደለው አይሞላም። ቀኑንም ልብ ይበሉ፦ ካርዱ መስከረም 1 ቀን 2015 ይላል፣ ማሽኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022። ሳይለወጡ ከተቀላቀሉ የታካሚው ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛነፋል።

ጥ፦ «በ5 ቀን እናትምልዎታለን፣ 150 ዶላር ብቻ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ።

መ፦ ይተዉት። በ5 ቀን ግምገማ የለም። ጆርናሉን ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫና በስኮፐስ ዝርዝር ውስጥ ራስዎ ይፈልጉት፤ ድረ ገጹ ላይ በለጠፈው ምልክት አይመኑ። ገንዘቡ ከሆነ ያሳሰብዎ፣ ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ጆርናሎችን በሚከፍተው በሪሰርች ፎር ላይፍ መርሐ ግብር ምድብ ኤ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ። ጥያቄው ግን ጽሑፉ ሲላክ ነው የሚቀርበው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሲሉ ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ።

ጥ፦ ኢምፓክት ፋክተሬን እንዴት ላስላ?

መ፦ የለዎትም። የጆርናል ነው፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሳተማቸው ሥራዎች በዘንድሮ ዓመት ያገኙት ሳይቴሽን፣ በዚያው ሁለት ዓመት ለታተሙት ጽሑፎች ብዛት ተካፍሎ።

ጥ፦ ከ12 ደራሲዎች 9ኛ ነኝ። ይቆጠርልኛል?

መ፦ ሙሉውን። ስኮላርም ስኮፐስም ሳይቴሽኑን ለ12 አያካፍሉም። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው በአንደኛውና በመጨረሻው ስም ላይ ነው፤ አንደኛው ሠሪው፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ መሪው ነው። ጽሑፉን ሳያነቡና የመጨረሻውን ቅጂ ሳያጸድቁ ስምዎ እንዳይገባ፤ ስህተት ሲገኝ 9ኛውም ይጠየቃል።