ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት፦ የማተሚያ ቤቱ ፕሮፎርማ ምን ይላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳሪስ አካባቢ የባልትና ሱቅ ልትከፍቺ ነው። ከማተሚያ ቤት የተቀበልሽው ፕሮፎርማ ላይ ፍሌክስ፣ ላይት ቦክስ፣ ዋን ዌይ ቪዥን፣ ስቲከር፣ ሮልአፕ የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። በዚያ ላይ «ቬክተር ፋይል አምጪ» ተብለሻል። የትኛው ምን እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያስፈልግሽ፣ በኦፍሴት ይሁን በዲጂታል ማሳተም እንደሚሻልሽም ነው የጠየቅሽው። ለዓመታት በማተሚያ ቤት የዲዛይን ክፍል ስለሠራሁ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ረዘም ይላል፤ ገንዘብሽ ከእጅሽ ሳይወጣ ብታነቢው ግን ይጠቅምሻል።

በመጀመሪያ ፕሮፎርማው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ ሦስት ነገር ጠይቂበት፦ የት ይቀመጣል? ከስንት ሜትር ይነበባል? እስከ መቼ ይቆያል? እነዚህን ሳትመልሺ የተሰጠሽ ዋጋ ርካሽ ይሁን ውድ ማወቅ አትችዪም።

ፍሌክስ የሚባለው ባነር የሚታተምበት፣ በውስጡ የክር መረብ ያለው የፕላስቲክ ሸራ ነው። ጥንካሬው በግራም ይነገራል። ካሬ ሜትሩ 440 ወይም 510 ግራም የሚመዝነው ደጅ ላይ ይቆያል፤ ሳሳ ያለው ከመክፈቻው ሳምንት አያልፍም። ፕሮፎርማው «ባነር 3 ሜትር በ1 ሜትር» ብቻ የሚል ከሆነ ግራሙም ይጻፍልሽ። ጠርዙ ታጥፎ መበየዱንና የብረት ቀለበቶቹ በየስንት ሴንቲሜትር እንደሚመቱም ጠይቂ፤ የክረምት ነፋስ ባነርን መቅደድ የሚጀምረው ከቀለበቱ ላይ ነው። ላይት ቦክስ ደግሞ ከኋላው መብራት ስላለበት ብርሃን አሳላፊ የሆነ ሌላ ዓይነት ፍሌክስ ይፈልጋል፤ ቀለሙም ጠገብ ብሎ መታተም አለበት። ተራው ፍሌክስ ከገባበት፣ ቀን ላይ ደማቅ የነበረው ሥዕል ማታ ነጥቶ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱ ፕሮፎርማው ላይ በአንድ ካሬ ዋጋ ከተጻፉ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ዋን ዌይ ቪዥን ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ነው። ቀን ቀን መንገደኛው ሥዕሉን ያያል፣ አንቺ ደግሞ ከውስጥ መንገዱን ታያለሽ። ይህ የሚሆነው ግን ውስጡ ከውጭው ሲጨልም ብቻ ነው፤ ማታ መብራት ስታበሪ ነገሩ ይገለበጣል። ለአንቺ ሱቅ አልመክርሽም። የባልትና ደንበኛ የበርበሬውን ቅላትና የሽሮውን ልመት በዓይኑ አይቶ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በፎቶግራፍ ጋርዶ የዚያኑ ዕቃ ፎቶግራፍ ማሳየት ገንዘብ ማባከን ነው። መስታወቱን ክፍት ተዪውና ስምሽን ብቻ በተቆረጠ ስቲከር አስለጥፊ።

የተቆረጠ ስቲከር ማለት ከባለ አንድ ቀለም ቪኒል (ስስ ተለጣፊ ፕላስቲክ) ፊደሎቹ ብቻ ተቆርጠው የሚለጠፉበት ነው። ቬክተር ፋይል፣ ማለትም ሥዕሉ በመስመር የተቀመጠበት ፋይል፣ የተጠየቅሽውም በዚህ ምክንያት ነው። የመቁረጫው ማሽን ምላጭ የሚሄደው በመስመር ነው፤ ፎቶግራፍ ውስጥ ደግሞ መስመር የለም፣ ያሉት የቀለም ነጥቦች ናቸው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ዓርማ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ነጥብ ይወርዳል። ያንን 3 ሜትር ባነር ላይ ብትዘረጊው በአንድ ኢንች ውስጥ 11 ነጥብ እንኳ አይሞላም። ደጅ ለሚሰቀል ባነር ከ72 እስከ 100፣ በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ነገር 300 ነጥብ ነው የሚፈለገው። ዓርማሽን የሠራልሽ ሰው ዋናውን ፋይል እንዲሰጥሽ ጠይቂው፤ ከፍለሽበታልና ይገባሻል። ስትልኪም በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት ላኪው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ፊደላችን ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የኮምፒውተር ፊደላት (ፎንቶች) የላቲንን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት፤ ዛሬም በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ አሉ። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ያ ፊደል ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝርክርክ ይሆናል። የዲዛይን ባለሙያሽ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ቅርጽ ቀይሮ ያስረክብሽ፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ «አውትላይን» ይሉታል።

ሁለተኛው የአነባበብ ጉዳይ ነው። የላቲን ታፔላ ሠሪዎች ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል ይበቃል ይላሉ። በዚያ ስሌት ከመንገዱ ማዶ፣ ከ15 ሜትር፣ 12.5 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለአማርኛ ግን እኔ ከዚያ ከፍ አደርገዋለሁ። የእኛን ፊደል ካዕቡን ከሣልሱ፣ ሣልሱን ከኃምሱ የምትለየው ቅጥያ ትንሽ ናት። «ኮረሪማ» የሚለውን ቃል ተመልከቺ፤ «ረ» እና «ሪ» ጎን ለጎን ቆመዋል፣ የሚለያቸውም ከታች ያለችው ጭረት ብቻ ናት። ከሩቅ ወይም በጣም በወፈረ ፊደል ሲጻፍ ጭረቷ ትጠፋለች፣ የ«ሌ» እና የ«ቤ» ቀለበትም ይደፈናል። ስለዚህ መካከለኛ ውፍረት ያለው ፊደል ምረጪ፣ ፊደሎቹንም አታጣብቂ። ኮምፒውተር ላይ አማረ ብለሽ አትፍረጂ። በወረቀት በትክክለኛው መጠን አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊና ማዶ ተሻግረሽ አንብቢው።

የማሸጊያው ስቲከር ለብቻው መታየት አለበት። የወረቀት ስቲከር ርካሽ ነው፤ ግን የአዋዜና የንጥር ቅቤ ወዝ ሲነካው ይነክራል፣ ጽሑፉም ይበላሻል። ለእነሱ የፕላስቲክ ስቲከር እዘዢ፤ ለደረቁ ሽሮ ወረቀቱ ላሚኔት ከተደረገ (በስስ ፕላስቲክ ከተሸፈነ) ይበቃል። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ እንዲሁም ሌላው ደቃቅ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። የማተሚያው አራት ቀለሞች ተደራርበው ጥቁር ሲሠሩ በፀጉር ስፋት እንኳ ከተዛነፉ ትንሹ ፊደል ጥላ ያወጣል። በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ መተውም አይረሳ፤ ብሊድ የሚሉት ይህን ነው። ካልተተወ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ ይቀራል።

ኦፍሴት ወይስ ዲጂታል ላልሽው፣ ኦፍሴት ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይሠራለታል፤ የፕሌቱ ወጪ መቶም አሳተምሽ አሥር ሺህ ያው ነው። ለጀማሪ ሱቅ ፕሌት የማይፈልገው ዲጂታሉ ይሻላል፤ የትኛው ቅመም እንደሚሸጥ ሳታውቂ ብዙ አታሳትሚ።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልጨምር። የስልክሽ መስኮት በብርሃን፣ ማተሚያው በቀለም ነው የሚሠራው። ያ የሚያበራው የበርበሬ ቀይ ወረቀት ላይ ረገብ ብሎ ይወጣል። ትልቁን ሥራ ከማዘዝሽ በፊት በዚያው ማሽንና በዚያው ወረቀት አንድ ናሙና አሳትመሽ ፈርሚበት። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ተለወጠ ብትዪ የምታሳዪው ይኖርሻል። ደግሞ ፀሐይ ቀድማ የምትበላው ቢጫውንና ቀዩን ነው። በየመንገዱ ሰማያዊ መስለው የቀሩትን ፖስተሮች አይተሻል፤ የበርበሬ ሥዕል እንደዚያ ቢሆን አስቢው። ደጅ የሚለጠፈው ሁሉ ፀሐይ በሚከላከል ላሚኔሽን ይሸፈን።

ሮልአፑን፣ ማለትም ከማቆሚያው ተስቦ የሚዘረጋውን የቁም ባነር፣ ለጊዜው ሰርዢው። ለበዓል ባዛር ስትወጪ ታዢዋለሽ። ያኔ የተለመደው መጠን 85 በ200 ሴንቲሜትር ነው፤ ስልክ ቁጥርሽን ከግርጌው አታስቀምጪ፣ ሰው እግር ስር አያነብምና። በተረፈው ገንዘብ መደርደሪያው ላይ ጥሩ የዋጋ መለያ አሠሪ። ከወለሉ ከ120 እስከ 160 ሴንቲሜትር ያለው ከፍታ ለቆመ ሰው ዓይን ቅርብ ስለሆነ ልትሸጪ የምትፈልጊውን እዚያ አድርጊ፤ ከባዱ ከታች ይሁን።

ፕሮፎርማው ዋጋው 15 በመቶውን ቫት የጨመረ መሆን አለመሆኑን፣ መስቀያ ብረቱንና የሠራተኛውን ክፍያ ማካተት አለማካተቱን፣ የማስረከቢያ ቀኑንም በግልጽ ይናገር። የታፔላውን ቀብድ ግን የታፔላ ፈቃዱን ሳታገኚ አትክፈዪ፤ መጠኑን ቀይሪ ከተባልሽ የታተመው አይመለስም። የፕሮፎርማውን ፎቶ የድርጅቱን ስምና ዋጋውን ሸፍነሽ እዚሁ ብትለጥፊው መስመር በመስመር አይቼ የጎደለውን እነግርሻለሁ።