ሲምፎኒ ወይስ ዎንደር? ክሩዝ ከመያዛችሁ በፊት የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ሁለት ትልልቅ የመዝናኛ (ክሩዝ) መርከቦች፣ «ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ሲስ ይሻላል ወይስ ዎንደር ኦፍ ዘ ሲስ?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ከሜሪላንድም፣ ከቨርጂኒያም፣ ከዳላስም ስለተደጋገመ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሁለቱንም ተሳፍሬባቸዋለሁ፤ ለዘመድ ወዳጅም ክፍል በመምረጥ አግዛለሁ። ጥያቄዎቹ እንደ አመጣጣቸው ተቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ ፎቶአቸውን ሳይ ምንም አይለዩም። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እውነትህን ነው፣ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ሮያል ካሪቢያን የሚባለው የክሩዝ ኩባንያ ናቸው፤ ሁለቱም የተሠሩት ፈረንሳይ አገር ሳን ናዜር ላይ ነው። ሲምፎኒ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ዎንደር ደግሞ በ2022 ነው። የዚህ ንድፍ የመጀመሪያዋ ኦኤሲስ ኦፍ ዘ ሲስ በ2009 ወጥታ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ላይ ክፍት ሰማይ ያለው የአትክልት ቦታ (ሴንትራል ፓርክ)፣ የፈረስ መጫወቻ የሚሽከረከርበት ቦርድዎክ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ በመርከቧ ጀርባ ያለው የውሃ ትርኢት መድረክ፣ በሽቦ ተንጠልጥለው የሚንሸራተቱበት ዚፕ ላይንና 10 ፎቅ ቁልቁል የሚያወርደው መንሸራተቻ አሉ።

ዎንደር የጨመረችው ጥቂት ነገር ነው። ስዊት (ሰፊና ውድ ክፍል) ለያዙ ሰዎች የራሳቸው መዋኛና ፀሐይ መሞቂያ ያለው ለብቻው የተከለለ ሰፈር፣ ሜሰን ጃር የሚባል የአሜሪካ ደቡብ ምግብ ቤት (ተጨማሪ ይከፈልበታል)፣ ለልጆች ከቤት ውጭ መጫወቻ፣ ከመዋኛው በላይ ደግሞ ባሕሩን የሚያሳይ ባር። ስዊት ካልያዝክ ከእነዚህ ውስጥ ጉዞህን የሚለውጥ ብዙ የለም። ሲምፎኒ በበኩሏ ትልቁ ቲያትር ውስጥ የታወቀ የብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር) ሙዚቃዊ ድራማ ስታሳይ ነው የማውቃት፤ የዎንደር ትርኢት ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው ነው። ቲያትር የምትወድ ከሆነ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ዎንደር ትበልጣለች ይላሉ። እንግዲያው ሰፊ ናት፣ ሰው አይጨናነቅም ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው በዚሁ ተታሎ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። የመርከብ «ግሮስ ቶን» የሚባለው ቁጥር ክብደት አይደለም፤ የውስጧን ስፋት የሚለካ ነው። ሲምፎኒ 228,081፣ ዎንደር 235,600 ገደማ ነች። ነገር ግን በአንድ ክፍል 2 ሰው ተብሎ ሲሰላ ሲምፎኒ 5,518 መንገደኛ ትይዛለች፣ ዎንደር ደግሞ 5,734። ስፋቱን ለሰዉ ስታካፍዪው ለሲምፎኒ 41.3፣ ለዎንደር 41.1 ይመጣል። ትልቋ መርከብ ለአንድ ሰው የምትሰጠው ቦታ በጥቂቱም ቢሆን ያነሰ ነው!

መጨናነቁን የሚወስነው የጉዞው ሳምንት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየክፍሉ ሦስተኛና አራተኛ አልጋ ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ሲምፎኒ ወደ 6,700፣ ዎንደር ወደ 7,000 ሰው ይዘው ይነሳሉ። በጥርና በመስከረም መጨረሻ ያው መርከብ ሌላ መርከብ ይመስላል። የቡፌው ሰልፍ፣ የሊፍቱ ጥበቃ፣ የመዋኛው ወንበር፣ ሁሉም ይቀላል። ገንዘብሽን መርከብ ለመምረጥ ሳይሆን ሳምንት ለመምረጥ አውዪው።

ጥያቄ፦ እኛ ባልቲሞር አጠገብ ነን። ለምን ከዚያ አይነሱም? ፍሎሪዳ ድረስ መብረሩ ይከብደናል።

አይችሉም፤ ምክንያቱ ድልድይ ነው። የባልቲሞሩ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ከወደቀ በኋላ «አሁንማ መንገዱ ተከፈተ» ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ከባልቲሞር ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት በአናፖሊስ በኩል ያለውን የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ማለፍ ግድ ነው። እሱ ከውሃው በላይ ያለው ክፍተት 57 ሜትር ገደማ ነው። የእነዚህ መርከቦች ቁመት ከውሃ በላይ 72 ሜትር ያህል ስለሆነ ፈጽሞ አያልፉም። ከባልቲሞር የሚነሱት መጠነኛ መርከቦች ናቸው፤ በመኪና ደርሶ መሳፈር ለሚፈልግ ቤተሰብ እነሱም የሚናቁ አይደሉም። ትልቆቹን ከፈለጋችሁ ኒው ጀርሲ፣ ባዮን ያለው ወደብ በመኪና ይደረሳል፤ በዚያ ወቅት የትኛዋ መርከብ እዚያ እንደተመደበች ግን ከኩባንያው ገጽ ላይ ተመልከቱ።

የምትበሩ ከሆነ ከመነሻው ቀን አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። መርከብ አንድን በረራ አትጠብቅም።

ጥያቄ፦ በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት መሄድ እችላለሁ? እናቴም ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጥታለች፣ ልውሰዳት?

አንቺ ወደ ባሃማስና ወደ ሜክሲኮው ኮዙሜል ብቻ በሚሄድ ጉዞ ላይ ከሆንሽ የሚያስቸግርሽ ነገር የለም። ሁለቱም አገሮች ለአጭር ጉብኝት የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ያለ ቪዛ ይቀበላሉ። ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትሽንም ካርድሽንም ያዢ። ሌሎች ደሴቶች ካሉበት ለእያንዳንዱ ወደብ ለየብቻ አጣሪ፤ «ከመርከብ አልወርድም» ማለት ብቻውን አያድንሽም፤ ኩባንያው ወረቀቱን የሚያየው ገና ሳትሳፈሪ ነው።

የእናትሽ ጉዳይ ግን በእርጋታ መታየት አለበት። ቪዛቸው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ነው ወይ? የቆይታ ጊዜአቸው መርከቡ እስኪመለስ ይበቃል ወይ? በመንገዱ ላይ ያሉት አገሮች ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን ይጠይቃሉ? ለሦስቱም በጽሑፍ መልስ ሳታገኚ ቅድመ ክፍያም ቢሆን እንዳትከፍዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነ ከሆነ በክሩዝ መሄድ ከአሜሪካ መውጣት ማለት ነው። ያለ ቅድመ ፈቃድ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ከማያሚ ተነስቶ ወደ ማያሚ መመለሱ ይህን አይለውጠውም። እባካችሁ፣ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ትኬት አትግዙ። የዓመታት ልፋት ለአንድ ሳምንት መዝናናት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ዜጋ ነኝ። ፓስፖርቴ ግን ጊዜው አልፏል።

ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ ጉዞ ዜጋ የሆነ ሰው በአብዛኛው በልደት ወይም በዜግነት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሳፈር ይችላል። ቢሆንም አሳድሰው ነው የምልህ። ታመህ ኮዙሜል ሆስፒታል ብትቀር ወደ ቤትህ የምትበረው በፓስፖርት ነው።

ጥያቄ፦ ጾመኛ ነኝ። በነሐሴ ስለምንሄድ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው። ምን እበላለሁ?

በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ በእርግጥም ዋናው የክሩዝ ወቅት ላይ ይውላል። እንዳትሰጊ፤ በዚህ በኩል ሁለቱ መርከቦች እኩል ናቸው። «ኦርቶዶክስ ጾም» ብትዪያቸው አይገባቸውም፤ «ቪጋን» በዪ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደሌለበት ወዲያው ይረዱታል። ጥያቄውን ከጉዞው 45 ቀን ቀደም ብለሽ አስመዝግቢ፤ በመጀመሪያው ምሽት ደግሞ ለአስተናጋጁ ኃላፊ በአካል ንገሪው። ከዚያ በኋላ የነገውን የምግብ ዝርዝር ማታ ያመጡልሻል፣ አንቺ ትመርጫለሽ።

ቡፌው ላይ የሕንድ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ምስሩና ሽምብራው ለእኛ አፍ ቅርብ ነው። ግን ቅቤ ወይም ክሬም ሊኖረው ስለሚችል ጠይቂ። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነም አትቸገሪም፤ ከሰዓት በኋላም በነጻ የሚበላበት ቦታ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጀበናና ትንሽ ምድጃ ይዘን ብንገባ? ለእናታችን ቡና ሳይፈላ አይሆንላትም።

ምድጃ፣ ከሰል፣ ሻማና እጣን ክልክል ናቸው። ሻንጣ ሲፈተሽ ከተገኙ ይወሰዳሉ። ባሕር ላይ ከእሳት የሚያመልጡበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ሕጉ ተገቢ ነው። በዋናው መተላለፊያ ላይ ያለው ካፌ ቡና በነጻ ይሰጣል። እናታችን ተደስተው እንደማይጠጡት አውቃለሁ፤ ቡናውን ለመነሻው ዋዜማ ሆቴል ከመግባታችሁ በፊት ዘመድ ቤት አፍሉላቸው።

ጥያቄ፦ ክፍል ስመርጥ ምን ልይ? ባልኮኒ ያለው ሁሉ ባሕር ያሳያል?

አያሳይም! በእነዚህ መርከቦች ላይ በጣም የምትጠነቀቁበት ነገር ይህ ነው። መርከቧ መሃሏ ለሁለት የተከፈለች ስለሆነች ሦስት ዓይነት ባልኮኒ አለ። አንዱ ወደ ባሕር፣ ሁለተኛው ወደ ሴንትራል ፓርክ፣ ሦስተኛው ወደ ቦርድዎክ ነው። ርካሹን «ባልኮኒ» አይቶ የያዘ ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ የጎረቤቱን መስኮት ሊያገኝ ይችላል።

የፓርኩ በረንዳ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከታች ዛፍና አበባ አለ፣ ነፋስ አያስቸግርም፣ ማታም ጸጥ ይላል፤ ዋጋውም ከባሕሩ ይቀንሳል። ቦርድዎክ ግን ድምፅ አለው። የውሃ ትርኢቱ እስከ ማታ ስለሚቆይ ሕፃን ለሚያስተኙ አልመክረውም። ትርኢቱን ከበረንዳቸው ሆነው ማየት ለሚወዱ ደግሞ በመርከቧ ጀርባ በኩል ያሉት ክፍሎች ጥሩ ናቸው።

ሌላው የክፍላችሁን ላይና ታች ማየት ነው። የመርከቧን የወለል ካርታ ክፈቱና ቁጥራችሁን ፈልጉ፤ ከዚያ ከላይ ያለውን ወለል ደርቡበት። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ከሆነ በሰላም ትተኛላችሁ። 14ኛ ወለል ላይ ሆናችሁ ከላያችሁ የመዋኛው ወለል ካለ ግን ገና ሳይነጋ ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ። ኩባንያው ራሱ ክፍሉን የሚመድብበት ርካሽ ዋጋም አለ፤ ያን ከወሰዳችሁ ይህን ሁሉ የመምረጥ መብት ትታችኋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ያስመልሰኛል። የትኛዋ ትነቃነቃለች?

ሁለቱም 360 ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው፤ መወዛወዝን የሚቀንሱ ክንፎችም አሏቸው። ልዩነት የለም። ዝቅ ያለ ወለል ላይ፣ የመርከቧ መሃል ያለ ክፍል ያዢ። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ መንገዱ ሊቀየር እንደሚችል ብቻ እወቂ።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጅ አለችን፤ ባለቤቴም ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች።

ልጅቷ 6 ወር ስላለፋት ለካሪቢያን ጉዞ ትፈቀዳለች። ዳይፐር የምታደርግ ልጅ ግን ወደ ዋናዎቹ መዋኛዎች አትገባም፤ ለሕፃናት በተለየው የውሃ ቦታ ብቻ ነው። ባለቤትህን በተመለከተ፣ በጉዞው ውስጥ በየትኛውም ቀን 24ኛ ሳምንት የምትገባ ከሆነ አያሳፍሯትም። ስትይዙ ያለውን ሳይሆን ስትመለሱ የሚሆነውን ሳምንት ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ነው?

አይደለም። ቲፕ ብቻውን ለአንድ ሰው በቀን ከ18 ዶላር በላይ ነው፤ ሕፃንም ይቆጠራል። 4 ሆናችሁ ለ7 ሌሊት ከ500 ዶላር ያልፋል። ኢንተርኔት ለብቻው ነው። የአልኮል መጠጥ ጥቅል አንዱ አዋቂ ከገዛ በዚያው ክፍል ያሉት ሌሎች አዋቂዎችም መግዛት አለባቸው፤ ጾመኛና የማይጠጣ ሰው ላለበት ቤት ይህ አያዋጣም። ባሃማስ ያለው የኩባንያው ደሴት ኮኮኬይ ላይ ባሕሩ፣ ትልቁ መዋኛና ምሳው በነጻ ነው፤ የውሃ መንሸራተቻዎቹ ፓርክ ግን ውድ ነው። ልጆቻችሁ መርከቧ ላይም መንሸራተቻ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን ይጥገቡ።

ዋጋውን ከያዛችሁ በኋላም ተከታተሉት። ቀሪው ክፍያ እስኪጠየቅ ድረስ (ለ7 ሌሊት ጉዞ ብዙውን ጊዜ 3 ወር ያህል ሲቀር) ዋጋ ከቀነሰ ደውላችሁ እንዲስተካከል መጠየቅ ትችላላችሁ። ካለፈ በኋላ ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ ሲምፎኒ 7 ሌሊት ከፓርኩ ባልኮኒ ጋር፣ ዎንደር 4 ሌሊት ከባሕር ባልኮኒ ጋር፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ 9 እና 13 ዓመት። ይፍረዱልን።

ሲምፎኒን ያዙ። በ4 ሌሊት ጉዞ የመጀመሪያው ቀን በመሳፈር፣ የመጨረሻው ማታ ሻንጣ በማሰናዳት ያልፋል። በመካከል ወደብ ስትወርዱ መርከቧን ራሷን የምታዩበት ጊዜ አይተርፍም፤ የከፈላችሁት ደግሞ ለመርከቧ ነው። በ7 ሌሊት ውስጥ ግን ወደብ የማይደረስባቸው ሙሉ የባሕር ቀናት ይኖራሉ፤ ልጆቹ የሚወዱትን ደጋግመው ይሠራሉ፣ እናንተም ታርፋላችሁ። ባሕሩን ለማየት ከክፍላችሁ ወጥታችሁ የእግር መንገዱን ብትዞሩ በቂ ነው። የ13 ዓመቱ ልጅ የሚገባው ወደ ታዳጊዎቹ ክበብ፣ የ9 ዓመቱ ወደ ልጆቹ ስለሆነ፣ የት እንደምትገናኙ በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ትርኢቶቹን ደግሞ በኩባንያው መተግበሪያ አሁኑኑ ቦታ ያዙላቸው፤ ነጻ ናቸው፣ ግን ቶሎ ይሞላሉ።