ይሄ ትምህርት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የሶስተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነሽ። የተቃውሞና የማኅበራዊ ንቅናቄ ኮርሱን ወደሽዋል፤ ቤተሰብ ግን «ማን ይቀጥርሻል?» ይላል፤ ጽንሰ ሐሳቦቹም ተምታተውብሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ቃላቱን ከሃንድአውት አትሸምድጃቸው፣ በምታውቂው አገር ላይ ሞክሪያቸው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሳ። ብሶት ነበረው፣ እሺ። ግን ብሶት የት የለም? ግብሩ የወጣው ለመላ አገሪቱ ነው፤ ታዲያ ጎጃም ላይ ለምን ያን ያህል ከረረ? «ጎጃሜ ድሮም እንዲህ ነው» የሚል መልስ ከሰጠሽ ምንም አላብራራሽም። ገበሬው ግብሩን ርስቴን ሊለኩና ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ሲረዳው ነገሩ ከብር አልፎ የአያት የቅድመ አያት መሬት ጉዳይ ሆነ፤ ፍሬሚንግ የሚሉት ይሄንን ነው። ቢሮና ጋዜጣ ባይኖረው ዘመድ፣ ማኅበር፣ ገበያ ነበረው፤ ንቅናቄ በምን አቅም ይደራጃል የሚለው የሀብት ማሰባሰብ ንድፈ ሐሳብ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። የንቅናቄ ተመራማሪው ቻርለስ ቲሊ ደግሞ ሰው የሚቃወመው በሚያውቃቸው መንገዶች ነው ይላል፤ አቤት ማለት፣ ግብር አልከፍልም ማለት፣ ጠመንጃ ማንሳት። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፣ በኋላ ግን የጎጃም ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣን ተነሱ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ሁከትን ስታጠኚ የሁለቱንም ወገን እርምጃ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ ብዙ ጊዜ የሚባባሰው አንዱ ለሌላው በሚሰጠው ምላሽ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው። «የንቅናቄ ተመራማሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታገኚም። የግጭት ትንተና፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ የሰላም ግንባታ፣ ሞኒተሪንግና ኢቫሉዌሽን (የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ) እያልሽ ፈልጊ። እንደ አክሌድ (ACLED) ያሉ ድርጅቶች የግጭት ክስተቶችን በቀን፣ በቦታና በተሳታፊ እየመዘገቡ ነው የሚሠሩት፣ እና ይሄን ሥራ አሁኑኑ መለማመድ ትችያለሽ፤ የ1960ውን አመጽ ካነበብሽው ሁሉ አውጥተሽ በኤክሴል ሰንጠረዥ ሥሪው፤ የት፣ መቼ፣ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምንጩስ ማን ነው? ለቀጣሪ ከውጤትሽ እኩል የሚናገርልሽ እሱ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍሽንም እዚያው ላይ አድርጊው። ዘመኑን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ገና አሉ፣ ግን ጊዜ አይጠብቅም። ያለፈቃዳቸው ድምፃቸውን አትቅጂ፣ ስማቸውንም አትጻፊ። ዛሬ እየሆነ ያለውን ግጭት መስክ ወርደሽ እንድታጠኚ ግን ፈጽሞ አልመክርሽም፤ አንቺንም የሚያናግሩሽንም ሰዎች አደጋ ላይ ይጥላል።

ሰንጠረዡን ስትጀምሪ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።