ኤችኬዩኤስቲ-1 በናፍጣ ውስጥ ድኝ የመያዝ አቅሙ ለምን ይወርዳል?

ጠያቂው ከነዳጅ ድኝ ለማውጣት የሚሞከረው ኤችኬዩኤስቲ-1 የተባለው ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ የመዳብ ማዕቀፍ (በዱቄት መልክ ያለ) በኦክቴን (ቀላል የነዳጅ ፈሳሽ) ውስጥ የሟሟ ዲቤንዞታዮፊንን (ድኝ ያዘለ የነዳጅ ውህድ) በሚገባ እየያዘ፣ በእውነተኛ ናፍጣ ሲሞከር ግን አቅሙ የሚወርደው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ችግሩ የገጠመኝ ጊዜ ጥፋቱን በዱቄቱ አሠራር ላይ ስፈልግ ብዙ ወራት ባክኖብኛል፤ ዱቄቱ ግን ጤነኛ ነበር።

ዋናው ምክንያት ሽሚያ ነው። ኦክቴን በማዕቀፉ ውስጥ ሞለኪውል እንዲጣበቅበት ክፍት ከሆነው የመዳብ ቦታ ጋር የመጣበቅ ፍላጎቱ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ በዚያ ሙከራ ድኝ ያዘለው ሞለኪውል ተቀናቃኝ አልነበረበትም። በናፍጣ ውስጥ ግን ቅርጻቸው ከዲቤንዞታዮፊን ጋር የሚቀራረብ አሮማቲክ (ባለ ካርቦን ቀለበት) ውህዶች ከድኙ ብዙ እጥፍ በዝተው ይገኛሉ። ከእነሱ የሚብሰው ደግሞ ኪኖሊንን የመሰለ የናይትሮጅን ውህድ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም በናይትሮጅኑ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ጥንድ ከመዳቡ ጋር አጥብቆ ስለሚያስረው፣ አንዴ ቦታውን ከያዘ ዲቤንዞታዮፊን ሊያስለቅቀው አይችልም። ይህን ለማረጋገጥ በኦክቴን ናሙናዎ ላይ ጥቂት ኪኖሊን ጨምረው ሙከራውን ይድገሙት፤ እኔን ያሳመነኝ ይኸው ነው።

ውኃም ሌላው ተሻሚ ነው፤ እንዲያውም በዓይን ይታያል። በቫኪዩም በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የደረቀው ዱቄት ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን፣ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ይመለሳል። ነዳጁ ውስጥ እንደገባ ቀለሙ ከፈዘዘ፣ መዳቡን ከድኙ በፊት ሌላ ነገር ይዞታል ማለት ነው። እርጥበቱ ከቆየ ማዕቀፉ ራሱ ይፈርሳል።

ስለዚህ ነዳጁን በቅድሚያ የቀዳዳው ስፋት 3 አንግስትሮም በሆነ ዚዮላይት (ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ማዕድን) ያድርቁት፤ ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑ ውኃውን ይዞ የነዳጁን ሞለኪውሎች በውጭ ይተዋል። ቀጥሎም ናይትሮጅኑን ለብቻው ያስወግዱ፤ ለዚህ በመዳብ ፈንታ ከብረት (አይረን) የተሠራው ማዕቀፍ ኤምአይኤል-100 ከድኝ ይልቅ ናይትሮጅንን ስለሚመርጥ ጥሩ ነው። የመዳቡ ተራ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሆኖም ከማጣሪያ ፋብሪካ ድኙ እንዲቀንስ በሃይድሮጅን ታክሞ በወጣ ናፍጣ ውስጥ በብዛት የሚቀረው የድኝ ውህድ 4,6-ዲሜቲልዲቤንዞታዮፊን (ሜቲል የተባሉ ሁለት ትንንሽ የካርቦን ቡድኖች የተጨመሩበት ዲቤንዞታዮፊን) መሆኑን አይርሱ። በፋብሪካው ድኙን ከካታሊስቱ (ኬሚካላዊ ለውጡን ከሚያፋጥነው ነገር) የከለሉት ሁለቱ ሜቲሎች ወደ መዳቡም እንዳይጠጋ ያግዱታልና፣ በዲቤንዞታዮፊን ብቻ የተገኘ ውጤት ብዙ ተስፋ ሊሰጥዎ አይገባም። የተጠቀሙበትን ዱቄት በኤታኖል አጥበው መልሰው የሚጠቀሙ ከሆነም እንደገና በቫኪዩም ያሙቁት፤ አለበለዚያ መዳቡን ኤታኖሉ ይዞት ይቀራል።